ሃሌሉያ ከሦስተኛው ረድፍ

ሰኔ 12 ቀን 1976
የምሸጥበት የቀበሌው ሱቅ ሳሙና ከረፋዱ አራት ሰዓት በፊት አለቀብኝ። የተሰለፈው ሁሉ ገላመጠኝ። "እመቤቲቱ ለራሷ አስቀርታ ነው" አለች አንዷ። የባላባት ሚስት ሆኜ መጫወቴ ነው ነገሩ። በቀበሌው ኪነት ቡድን ውስጥ አራት ዓመት፣ ስድስት ትያትር፣ ስድስት ክፉ ሴት... መቂ ሄደን የተጫወትን ጊዜ ቲማቲም ሻጯ "ላንቺ አልሸጥም" ብላኝ፣ አዘጋጃችን ሰብስቤ "ይኼ እኮ ለተዋናይ ሙገሳ ነው" ብሎ ሳቀ። ያለ ቲማቲም ተመለስኩ።

ቤት ስገባ የእማዬ ጓደኞች ሹራብ ይዘው ተቀምጠዋል። ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ እኛ ቤት ነው የሚጸልዩት። መርፌና ክሩ ለሰው ዓይን ነው። የእትዬ ወርቄ ሹራብ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ እጅጌ ላይ ቆሟል። ይህን ደብተር ከምስር ጆንያው ሥር ልመልሰው...

ሰኔ 20
የቴሌቪዥን ሰዎች ሊመጡ ነው። ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ከየከተማው ትያትር ይመርጣሉ። የተመረጠው አዲስ አበባ ሄዶ ይቀረጻል። ምሳ አልበላሁም። እኔ... በቴሌቪዥን?

ለእማዬ ነገርኳት። "ሳጥን ውስጥ ቢገባም ያው ውሸት ነው" አለች። አንድም ቀን መጥታ አይታኝ አታውቅም።

ሰኔ 28
ድርሻ ተከፋፈልን። ጀግናዋ ሠራተኛ እኔ አይደለሁም፣ እንደተለመደው። "ዲንቄ፣ አንቺ ጴንጤዋን" አለኝ ሰብስቤ። በፈረንጅ ገንዘብ ተገዝታ ሠራተኛውን በጸሎት የምታፈዝ ሴት። አንድ ሙሉ ገጽ ጸሎት አላት። "ሕዝቡ በሳቅ ይፍረስ። ከየት እንደምታመጪው አንቺ ታውቂያለሽ።" ያውቃል ማለት ነው?

እምቢ ብልስ? እናትነሽ አለች፣ ከደራ የመጣችው አዲሷ ልጅ። ተራ ትጠብቃለች። እኔ ሱቅ ውስጥ አረጃለሁ።

ተናደድኩ። ግን እሺ አልኩ።

ሐምሌ 3
ጸሎቱ አልመጣልኝ አለ። ስጮህ ሰብስቤ "ይኼ ኡኡታ ነው" ይለኛል። ዛሬ ቤት፣ መጋረጃው ጀርባ ሆኜ እማዬን አዳመጥኳት። "አባት ሆይ" ትልና ዝም ትላለች። ረጅም ዝም። በር አንኳኩቶ እስኪከፈትለት እንደሚጠብቅ ሰው። ከዚያ ቀስ ብላ ትቀጥላለች።

ሐምሌ 4
ልምምድ ላይ እንደሷ አደረግኩት። "አሁን መጣልሽ" አለ ሰብስቤ። ደስ አለኝ። ከዚያ ራሴን ጠላሁ።

ሐምሌ 12
ለእሁዱ ትያትር ከየቤቱ ሰው ይምጣ ተብሏል። ስም ይያዛል።
"አሞኛል በይ" አልኳት እማዬን።
"የቀረውን ነው የሚጽፉት፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ። እመጣለሁ። ምን ሆነሽ ነው የምትጫወቺው?"
"እናት" አልኳት። ሌላ ምን ልበላት?

ሐምሌ 15


ከሰዓት አዳራሹ ጢም ብሏል። ፊት የቴሌቪዥን ሰዎች፣ አጠገባቸው ካድሬው ጓድ ሙሉብርሃን። እማዬ፣ እትዬ ወርቄና ሌሎቹ ሦስተኛው ረድፍ ላይ። ጸሎቱ ጋ ስደርስ ጮኼ ላበላሸው አሰብኩ። ዓይኔን ከደንኩ። "አባት ሆይ" አልኩ... ዝም አልኩ። ከዚያ "ልጄን በእጅህ ያዝልኝ" አልኩ። ይኼ ድርሰቱ ላይ የለም። የእማዬ ነው።

ከሦስተኛው ረድፍ አንድ ድምፅ "አሜን" አለ። ሁለት ሦስት ሆነው ደግሞ "ሃሌሉያ"። እንደ ማክሰኞው፣ ሳያስቡት አመለጣቸው። የመጀመሪያው ድምፅ የማን እንደሆነ አጥቼው ነው?

ሕዝቡ የትያትሩ መስሎት ሳቀ። ጓድ ሙሉብርሃን አልሳቀም። ዞሮ ረድፉን ተመለከተ።

እንዳለቀ ቢሮ አስጠራኝ።
"እነዚያ ሴቶች እነማን ናቸው?"
"እኔ ነኝ ያስቀመጥኳቸው። እንዲህ በሉ ብዬ አስጠናኋቸው። ለድምቀት።"
"ድርሰቱ ላይ አለ?"
"የለም።"
"ማን ፈቀደልሽ?"
"ማንም።"

ትኩር ብሎ አየኝ። ዓይኔን አልሰበርኩም። አመነኝ። የጸደቀ ድርሰት ያለ ፈቃድ ስለለወጥኩ ግን ከዛሬ ጀምሮ ከኪነቱ ወጥቻለሁ። ሰብስቤ በሩ ላይ ቆሞ ጫማውን ያይ ነበር። እንደዚያ አሳምሬ ተጫውቼ አላውቅም፣ ያየኝ ሁለት ሰው ብቻ።

ሐምሌ 16
እማዬ ሹራብ ትሠራለች። የእውነቷን ትሠራለች።

ነሐሴ 20
ትያትሩ ተመረጠ። የኔን ድርሻ ለእናትነሽ ሰጧት። ሃሌሉያውን የቴሌቪዥን ሰዎች ወደውት ድርሰቱ ውስጥ ገባ አሉ። ሦስት ሴቶች ከተመልካች መሃል ተቀምጠው ይሉታል። አሁን ጸድቋል። ይኼን የነገረኝ ሰብስቤ ነው፣ ስኳር ሊገዛ መጥቶ። ጎደል አድርጌ መዘንኩለት።

መስከረም 4 ቀን 1977
ዛሬ ማምሻውን ትያትሩ በቴሌቪዥን ታየ። የቀበሌው አዳራሽ ሄድኩ። ምን አስኬደኝ? እማዬም ልምጣ አለች፣ ማንም ሳያስገድዳት።

እናትነሽ ተንበረከከች፣ ዓይኗን ከደነች፣ "አባት ሆይ" አለች። ሳትቆም ወደሚቀጥለው ሄደች። ሴቶቹ በተራቸው "ሃሌሉያ" አሉ። ሰው ሳቀ። ያንን ዝምታ እንኳ ሳይወስዱት ቀሩ...

እማዬ ጆሮዬ ስር ተጠጋች።
"ይቺ ልጅ አትችልም።"
ዞሬ አየኋት። ዓይኗን ከሳጥኑ አልነቀለችም።
"ቸኮለች" አለች። በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "አንቺ እኮ አሜን አስብለሽኛል።"

አራት ዓመት የጠበቅኩት ቃል መድረኩን ካጣሁ በኋላ መጣ።

ነገ ስኳር ይመጣል ተብሏል። በጠዋት መክፈት አለብኝ።