የገደለህ ፈተናው አይደለም

ውድ ፍሬዬ፣

ከተለያየን ዓመት ሊሞላን ነው። ደብዳቤ ሲጀመር ስለ ጤና ይጠየቃል፤ አንተን ስለ ጤናህ ብጠይቅ ግን ያሾፍኩብህ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ስለ ራሴ ልንገርህ። ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራ እገባለሁ። ተናድጃለሁም። ጠዋት ከአልጋዬ የሚያስነሳኝ ንዴቴ ነው ብልህ አትሳቅብኝ፤ እውነቴን ነው።

ቤቱ ብዙም አልተለወጠም። አንተ የምትጠላውን አበባ አበባ ያለበትን የሳሎን መጋረጃ አውርጄ ለእህቴ ሰጠኋት። እያለህ ባደርገው ምን ነበረበት? ቡናማ ጃኬትህ ከበሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ነው፤ ለሰው ስጪው የሚሉኝ አሉ፣ አልሰጥም። ላንቻ ያው ላንቻ ነው፤ የታክሲ ረዳቶቹ ጩኸት አሁንም በመኝታ ቤታችን መስኮት ይገባል። ካዛንቺስን ግን ብታየው አታውቀውም። ምሳ የምትበላበት ሽሮ ቤት፣ ፀጉርህን የምትቆረጥበት፣ ከዚያ በስተጀርባ ያለው ሰፈር በሙሉ ፈርሶ ሰፊ መንገድ ሆኗል፤ ሰዎቹም በከተማው ዳርቻ ተበትነዋል። የመሥሪያ ቤትህ ሕንጻ ግን አልተነካም። በዚያ ሳልፍ ቀና ብዬ የአቶ ተካልኝን መስኮት አያለሁ። አለቃህ አሁንም እዚያው ነው።

የምጽፍልህም ስለ እሱ ነው። አንቱታ ከእኔ እንዳትጠብቅለት። ፊት ለፊት ሳገኘው «እርስዎ» እለዋለሁ፣ እናቴ ያስተማረችኝ ጨዋነት አለ፤ እዚህ ግን ያለነው አንተና እኔ ነን።

የማታውቀውን ልንገርህ። በቀብርህ ማግስት ድንኳኑ ውስጥ ጥቁሬን ለብሼ ተቀምጫለሁ። እናትህ ከጎኔ ናቸው። አቶ ተካልኝ ከቢሮ ሰዎች ጋር መጣ፣ ፊት ለፊት ወንበር ተሰጠው፣ ውኃ ቀረበለት። ጠጣና ሰው ሁሉ እንዲሰማው አድርጎ «ጎበዝ ሠራተኛ ነበር፣ ምን ያደርጋል። ያ ፈተና ነው የበላው። ማለቴ፣ ሰው አቅሙን ማወቅ አለበት» አለ። ለቀስተኛው ከንፈሩን መጠጠ። ወደ እኔ ዞሮም «አይዞሽ» አለኝ፤ «አንቺ» እያለ ነው።

ሠልስትህ ሳይወጣ ወሬው ላንቻን አዳረሰ። ፍሬው በቢዝነስ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ተጨንቆ ሞተ። በሰኔ መዝጊያ ሰሞን፣ ሁሉም ወደየቤቱ ከሄደ በኋላ፣ የእሱን ሪፖርት ስትሠራ ቢሮ ውስጥ መውደቅህን የሚያነሳ ጠፋ። ይሁን፣ የሰፈር ወሬ ነው ብዬ በተውኩት። ግን እናትህ አመኑት። በአርባህ ዕለት ሰው ሲበተን ጠብቀው «አንቺ ነሽ ልጄን በዚያ ትምህርት ያጣደፍሽው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ደጃችንን አልረገጡም። ለበዓል እሄዳለሁ፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይሉኝና ፊታቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ያዞራሉ። ልጃቸውን የገደልኩ አድርገው ነው የሚያዩኝ፣ ፍሬዬ። ይህን ያደረገኝ ያ ሰው ነው፤ ለዚያውም በእኔ ድንኳን ተቀምጦ።

ያን ዕለት አልመለስኩለትም፤ ለቅሶ ቤት ጠብ ነውር ነው። ቂሙን ግን ያዝኩ። ጥሩ አድርጌ ነው የያዝኩት።

በአርባህ ማግስት ላፕቶፕህን ከፈትኩት። በፈተና ሞተ ካሉህ ፈተናውን እኔ እፈተነዋለሁ፣ አልፌም ውጤቱን በአቶ ተካልኝ ፊት አውለበልበዋለሁ ብዬ ተነሳሁ። ለትምህርት ፍቅር እንዳይመስልህ። የቢዝነስ ትምህርት ቤት ደጅ እደርሳለሁ ብዬ በሕልሜም አስቤ አላውቅም። ሌላ የምመታበት ነገር አልነበረኝም።

አንተን የሚያስቸግርህ የሠንጠረዥ ጥያቄ ነበር፤ እኔንም እሱው አስቸገረኝ። ሠንጠረዡ ይሰጥሃል፣ በፈለግከው ዓምድ ትደረድረዋለህ፣ ከሥሩ ላሉት ሦስት ዓረፍተ ነገሮች አዎ ወይም አይደለም ትላለህ። አንዷን ከሳትክ ሁሉም ገደል ይገባል። «ሁለቱን መልሼ እንዴት ዜሮ ይሰጡኛል?» እያልክ ከላፕቶፑ ጋር ትጣላ ነበር። እኔ ዓረፍተ ነገሮቹን እያነበብኩ፣ አንተ እየደረደርክ። የሯጮቹን ሠንጠረዥ ታስታውሳለህ? ሰዓታቸውን ከትልቁ ጀምረህ ደረደርክና የእኛን ሰው ከታች ስታየው ክው አልክ። «የእኛ ልጅ መጨረሻ ወጣ!» ብለህ ምሳህን እንኳ ትተህ ተቆጣህ። በሩጫ ያነሰ ሰዓት ያለው ነው የሚያሸንፈው ስልህ ፊትህ እንዴት እንደቀላ። በየቅዳሜው መስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ ስትሮጥ የምታረፍድ ሰው ይህን ትስታለህ ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ስቄብሃለሁ። ያን ሳምንት እንዳሳቅከኝ ማንም አላሳቀኝም።

መስቀል ፍላወር አንድ ካፌ ውስጥ ለዚሁ ፈተና አብረው የሚያጠኑ ወጣቶች አገኘሁና ተቀላቀልኩ። ሁሉም ታናናሾቼ ናቸው። በጥቁር ልብሴ መሃላቸው ስቀመጥ መጀመሪያ ዝም ይሉ ነበር፤ በኋላ ለመዱኝ። አንድ ቀን ቡና ወደ ውጭ ስለሚልኩ አገሮች የሆነ ሠንጠረዥ መጣ። ኢትዮጵያ አንደኛ ናት ይላል ከሥሩ። ዓምዱን ሳልነካ አዎ አልኩ፤ ቡና የማን ሆነና! ሲደረደር ከመሃል እንኳ በታች ናት። ተከራከርኩ፣ የሠንጠረዡን ሠሪዎች ሰደብኩ። ያስጠናን የነበረው ልጅ እየሳቀ «ሠንጠረዡ ያላለውን እኛም አንልም፣ በቃ» አለኝ።

ወደ ቤቴ ስመለስ በመንገድ ሙሉ ይህን ስደጋግም ነበር። ሠንጠረዡ ያላለውን እኛም አንልም። አቶ ተካልኝ እኮ ሠንጠረዡ ያላለውን ነው ያለው።

ፈተናውን አለፍኩ፣ ፍሬዬ። ጥሩ አድርጌ አለፍኩት፤ ቦታም አግኝቻለሁ። ውጤቴን ፎቶ አንስቼ ለባልደረቦችህ ሁሉ በቴሌግራም ላክኩት። የምልከው ለእነሱ ሳይሆን ለእሱ ጆሮ እንደሆነ ገብቷቸዋል መሰለኝ፣ አደረሱልኝ።

እኔ የጠበቅኩት እንዲያፍር ነበር። እሱ ግን ደወለ። «ወይዘሮ ሰናይት፣ እንደምን ከረሙ?» አለኝ፤ ዛሬ «እርስዎ» ሆኜለታለሁ። ልጁ ሶልያና ያንኑ ፈተና ተፈትና ሠንጠረዡ ላይ እየወደቀች ተቸግራለች፤ እባክዎን ያስጠኗት አለ። የፈለግኩትን እንደሚከፍል ነገረኝ። ስልኩን እጆሮው ላይ ልዘጋበት ምንም አልቀረኝም ነበር። ከዚያ ቀስ ብዬ አሰብኩበት። ክፍያ አልፈልግም አልኩት፤ ብቻ መንገዱ ተቆፋፍሯል፣ ታክሲም ያስቸግራታል፣ ስለዚህ እርስዎ ራስዎ ያምጧት፣ እስክንጨርስም ቁጭ ብለው ይጠብቋት። አመሰገነኝ! ጨዋ ሴት ነዎት አለኝ።

እናም በየቅዳሜው እየመጣ ሳሎናችን ይቀመጣል። ሶፋው ላይ እንዳይመስልህ፤ ሶፋው ላይ መጻሕፍት ዘርግቼበታለሁ። እንግዳ ሲበዛ የምናወጣትን የፕላስቲክ ወንበር፣ አንድ እግሯ የሚነቃነቀውን፣ ከፎቶህ ትይዩ አድርጌ አስቀምጬለታለሁ። ድንኳኑ ውስጥ ከአንድ ብርጭቆ ውኃ በላይ ያልተቀመጠ ሰው አሁን ረፋዱን ሙሉ አንተን እያየ ይቆያል። ሻይ እሰጠዋለሁ፣ ስኳሩን አሳንሼ። ስልኩን ይነካካል፣ ቀና ይላል፣ ያይሃል፣ ተመልሶ ስልኩን ይነካካል። እንዴት ደስ እንደሚለኝ ብነግርህ ትቆጣኛለህ።

የሚያናድደኝ ልጅቷ ጥሩ ልጅ መሆኗ ነው። ጫማዋን በር ላይ ታወልቃለች፣ የጠጣችበትን ራሷ ታጥባለች፣ ስትሳሳት በራሷ ትስቃለች። ልጠላት ሞክሬ አልቻልኩም። ያሰብኩትን ግን አልተውኩም።

ሐኪሙ የደም ግፊትህ ይለካ ካለን በኋላ፣ ከሥራ ስትገባ እጅህን ዘርግተህ ፊትህን ኮስተር አድርገህ ትቀመጥልኝ ነበር። ቁጥሩን ወጥ ቤት በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ላይ ነበር የምጽፈው፤ ያንኑ መሥሪያ ቤትህ ለአዲስ ዓመት ያደላችሁን። ለጭቅጭቅ እንዲመቸኝ ደግሞ ቢሮ ያመሸህበትን ቀን እከብበው ነበር፣ አብረን ያጠናንበት ላይ ኮከብ አደርግ ነበር። ያን ሁሉ ወደ ላፕቶፑ ገለበጥኩት። ረድፎቹ ሳምንታትህ ናቸው፤ ዓምዶቹ ደግሞ ግፊትህ፣ ቢሮ ያመሸህባቸው ቀናት ብዛት፣ ያጠናንባቸው ቀናት ብዛት። ስም አልጻፍኩበትም። «የአንድ ሠራተኛ ሳምንታት» ብቻ አልኩት። ከሥሩም እንደ ፈተናው ሦስት ዓረፍተ ነገር አደረግኩ።

ባለፈው ሳምንት ለሶልያና ሰጠኋት፤ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ እያነበብሽ ሥሪው አልኳት። አባቷ ሻዩን ይዟል።

የመጀመሪያው፣ የሠራተኛው ግፊት ከሁሉ የበለጠው ብዙ ባመሸባቸው ሳምንታት ነው ይላል። በግፊቱ ደረደረችውና «አዎ» አለች። «ኧረ ይሄ ሰውዬ ቤት አይገባም እንዴ!» ብላም ሳቀች። ሁለተኛው፣ ብዙ ባጠናባቸው ሳምንታት ግፊቱ ከሌሎቹ ሳምንታት ከፍ ይል ነበር ይላል። በጥናቱ ደረደረችው፣ አየችው፣ «አይደለም። እንዲያውም ያን ጊዜ ነው የሚወርድለት» አለች። ሦስተኛው፣ በዚህ ሠንጠረዥ ብቻ ሰውዬው በምን እንደሞተ ማወቅ ይቻላል ይላል። ድምፅዋ ዝቅ አለ። «አይቻልም» አለችና ወደ እኔ ዞራ «ሞቷል እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ።

አባቷ ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠ። «ሁለተኛውን እስቲ ደግመሽ ደርድሪው» አላት። ደግማ ደረደረችው። ያው ነው። ከላይ ጀምረሽ፣ አሁን ደግሞ ከታች ጀምረሽ አላት። ያው ነው። እኔ ያን ጊዜ ሻይ ልጨምርልዎት ወይ ብዬ ጠየቅኩት።

ሦስተኛዋን ዓረፍተ ነገር ለምን ጨመርሽ እንደምትለኝ አውቃለሁ። ፈልጌ ነው። ሠንጠረዡ እሱ ገደለህ አይልም፤ እኔም ማንም ፊት እንዲያ አልልም። ፈተናው ገደለው የሚለውን ግን እንደማይል የገዛ ልጁ ጮክ ብላ አነበበችለት። ልጅቷን መጠቀሜ ደግ አልነበረም ይሆናል። አልጸጸትበትም፣ ፍሬዬ። እኔንም በገዛ ባሌ ድንኳን ነው ያዋረደኝ።

ትናንት ሶልያና ብቻዋን መጣች፣ በታክሲ፣ በዝናብ ራሷ ርሶ። መጽሐፏን እንኳ ሳታወጣ የማን ሠንጠረዥ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ፎቶህን አሳየኋትና ሁሉንም ነገርኳት፤ ድንኳኑን፣ አባቷ የተናገራትን ቃል፣ እናትህ እንዴት እንደራቁኝ። ስጨርስ ለእናትህ ማን ይነግራቸዋል ብላ ጠየቀችኝ። የተናገረው ሰው ነዋ፣ አልኳት። ሙት ዓመቱ ደርሷል፤ ድንኳን ይጣላል፣ ወንበሩንም ከፍሬው እናት አጠገብ አዘጋጅቼለታለሁ። አይመጣም እንጂ አልኳት። እሷም ፎቶህን እያየች «እኔ ይዤው እመጣለሁ» አለች።

ቢመጣ ይንገራቸው። መጥቶ ዝም ካለም ላፕቶፑ ይኖራል፤ ማንበብ የምትችል ልጅም አለችው። ማረኝ ካለኝ ምን እንደምመልስለት ገና አላውቅም፤ የምምረው ግን አይመስለኝም። አንተ እንደምትምረው አውቃለሁ፤ ያን ለአንተ ትቼዋለሁ።

እኔ አንተን እስክሞት አልረሳህም። እሱም እንዲረሳህ አልፈቅድለትም።

ያንተው ሰናይት