የአባትህ ጠመንጃ ደህና ነው

ኦሪን ወንድሜ፣

አትደንግጥ፤ የአባትህ ጠመንጃ ጭረት እንኳ አልነካውም። ግን ለጥቂት ነው የተረፈው።

ነገ ድብ አደን ስለምንወጣ ዛሬ እዚህ አላስካ ተኩስ መለማመጃ ሄድን። ከራሴ ትንሽ ጠመንጃ የፈታሁትን የድምፅ ማፈኛ ያዋስከኝ ትልቁ ጠመንጃ አፈሙዝ ላይ ሳዞረው እንደ ጠርሙስ ክዳን ልክክ አለ። ደስ ብሎኝ አነጣጠርኩ። እዚህ ግን አጠገብህ ያለው ሰው አፈሙዝህን ሳያይልህ መተኮስ ነውር ነው። አደኑን የምትመራን ባልቴት፣ ቬልማ፣ ብድግ አለች።

«ቆይ አንተ! ስለገጠመ ጥይቱ ያልፋል ያለህ ማነው?»

ማፈኛውን ፈታችና ካንተ ጥይቶች የአንዱን ጫፍ ቀዳዳው ላይ ሰካችው። እንደ ቡሽ ተወትፎ ቀረ። ብተኩስ ኖሮ ፊቴ ላይ ነበር የሚፈነዳው።

ከመኪናዋ ቀዳዳቸው የሚበቃ ሁለት ማፈኛዎች አመጣች። ድምፅ ይበልጥ ይቀንሳል ብዬ ረጅሙን አነሳሁ።

«ድቡ ሲመጣብህ ረጅሙ ተጠልፎብህ ከቁጥቋጦ ጋር ልትታገል ነው? አጭሩን ያዝ፣ ልጄ!»

በአጭሩ ተኮስኩ። ትከሻዬን ገፋ አደረገኝ እንጂ ጆሮዬ አልጮኸም፤ የቬልማን ሳቅ ወዲያው ሰማሁት። እኛ አይዳሆ ቢሆን «የራሱ ጉዳይ» ብለው በጨዋ ደንብ ዝም ይሉኝ ነበር።

ፖስትካርዱ ሞላብኝ። ሚስትህን ሎሬታን በአሥሩም ጣቶቼ ሰላም በልልኝ፤ ሁሉም አሉ።

ዌንደል