ሚልካ ሳሎናችን ውስጥ የመለሰችው

የካቲት 3

እኔ ልዩ ቶሌራ፣ ዕድሜ አሥራ ስድስት፣ ሥራ ተማሪ፣ አድራሻ አዳማ፣ ማንም ሳያስገድደኝ በገዛ ፈቃዴ የሚከተለውን አምናለሁ፦ የእማዬን የፖሊስ ኮፍያ አድርጌ መስታወት ፊት ሰላምታ ሰጥቻለሁ። ደጋግሜ። ሳጅን ልዩ... ያምርብኛል፣ ምን ላድርግ።

ባለኮፍያዋ ማታ መጣች። ሳጅን አበዛሽ፣ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ክፍል። በቤት ስሟ እማዬ። እግሯን ጨው ውኃ ውስጥ ነክራ ሥልጠና ላይ የሰጧቸውን ጥያቄዎች ታነበንባለች። ባሌ መታኝ ብላ የመጣች ሴት፣ ነገ ሊገድላት ይችላል ወይስ አይችልም... እሱን ለመለየት ነው አሉ። እገድልሻለሁ ብሎሽ ያውቃል? አንቆሽ ያውቃል? የት ዋልሽ፣ ከማን ጋር ነበርሽ ይልሻል? ጥለሽው ለመሄድ አስበሻል?

«ማነቅን አትናቁ ብለውናል» አለች ዓይኗን ጨፍና። «ምልክት ላይኖረው ይችላል። ያነቀ ሰው ግን ወደ መግደሉ ቀርቧል።»

አባባ ዘገዬ ሬዲዮናቸውን ቀነሱ። አያቴ ናቸው፣ የሰፈሩ ዋና አስታራቂ። «በእኛ ጊዜ ይሄ ሁሉ ጥያቄ የለም። ጉልበት ይሳማል፣ ያበቃል።»

«ያስታረቋቸው ሁሉ አሁንም አብረው ናቸው አባባ?» አልኳቸው።

«ናቸው እንጂ።»

ባለሱቁ ማስረሻና ሚስቱስ? ሱቁን በመጋረጃ ከፍለው አይደል የሚሸጡት... አላልኳቸውም። አልሳቅኩም ግን አልልም።

የካቲት 8

ዛሬ ሳሎናችን ችሎት ሆኖ ዋለ። ጉዳዩ የሚልካና የባጫ። የጓሮውን ክፍል የተከራዩት ባልና ሚስት ናቸው። እሱ ከዓለም ጤና በአይሱዙ ሽንኩርት ያመጣል፣ እሷ ፀጉር ቤት ትሠራለች። ትናንት ጩኸት ነበር፣ የተሰበረ ሳህን ነበር። አባባ ሁለት ሽማግሌ ጨምረው ሶፋው ላይ ተደረደሩ። ሙሉ ልብስ፣ ከረባት፣ በዚህ ሙቀት። የአንደኛው ከረባት በዕድሜ እኔን ይበልጠኛል።

እማዬ ከአዳር ተረኝነት ገና መግባቷ። ጠሯት። «አንቺም በሕጉ ጠይቂልን፣ በሁለት በኩል ይጥበቅ።» ቆማ ጠየቀች፣ በነጠላ ጫማ። ሽማግሌዎቹ እዚያው። ባጫም እዚያው፣ ከሚልካ ፊት ለፊት።

«ሚልካ፣ እገድልሻለሁ ብሎሽ ያውቃል?»

«ኧረ በጭራሽ፣ እትዬ አበዛሽ።» ምንጣፉን እያየች።

«አንቆሽስ?»

«እሱስ የለም።»

ባጫ ሚሪንዳውን ጨረሰ። ተነስቶ ግንባሯን ሳመ። ምርቃት ተጀመረ። ረጅም ምርቃት፣ ግማሹ ስለ ዝናብ።

«ስጋቱ ዝቅተኛ» አለች እማዬ ኮሪደሩ ላይ፣ ለራሷ። ከነልብሷ ተኛች።

የካቲት 10

ባጫ የእርቅ ብሎ አንድ ጆንያ ሽንኩርት አመጣልን። አባባ ለመጣ ለሄደው ያሳያሉ። ሁላችንም እያለቀስን ነው፣ ከደስታ አይደለም።

የካቲት 13

ሚልካ ፀጉሬን ስትሠራኝ ሰለቸኝና በእማዬ ድምፅ መጠየቅ ጀመርኩ። አፍንጫዬን ይዤ። «ስም? ዕድሜ? ባልሽ ቀናተኛ ነው?» ሳቀች። እኔም ባሰብኝ።

«እገድልሻለሁ ብሎሽ ያውቃል?»

«እሱማ እንደ ደህና አደርሽ ነው፣ ሳጅን።»

ሳቅን።

«አንቆሽ ያውቃል?»

«ሁለቴ።» እጇ መሥራቱን አላቆመም። «በቀደም እዚህ ሰፈር ሠርግ ስንሄድ አንገቴ ላይ ሻርፕ የጠመጠምኩት ለዘናጭነት መሰለሽ? ድምፄ እንኳን ተዘግቶ ነበር። ጉንፋን ነው አልኳችሁ።»

ያኔ ሳቄ የት እንደገባ አላውቅም። አፍንጫዬን ግን እንደያዝኩ ነበርኩ... ጅል።

«ጥለሽው ለመሄድስ?»

እጇ ቆመ። «ወር ሲያልቅ። ቆቃ፣ እህቴ ጋ። ጠርጥሯል መሰለኝ። ለማንም እንዳትናገሪ። ማርያምን በይ።» እሷ እንኳን ጴንጤ ናት፣ እኔን አውቃ ነው።

«ለእማዬ ለምን የለም አልሻት ታዲያ?»

«እሱ አፍጥጦብኝ? ደግሞ አባባ... ለእኔ ብለው ከረባት አስረው፣ ሽማግሌ ለምነው። እንዴት ላዋርዳቸው።»

ማርያምን ብያለሁ። ምን ዓይነት አፍ ነው ያለኝ?

የካቲት 14

አልተናገርኩም። የሂሳብ ፈተና ነበር። ስንቱን ጥያቄ እንደዘለልኩ አላውቅም። ፀጉሬ ጠብቆ ራሴን ያመኛል። ባጫ ማለዳ ዓለም ጤና ሄደ። ነገ ማታ ይመለሳል።

የካቲት 15

ተናገርኩ። ዕቃ እያጠብን። አንድ ሳህን ሳይቀር ሁሉንም።

እማዬ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር። አልጋ ላይ ቁጭ አለች፣ እጇ በሳሙና እንደራሰ። «ለብቻዋ ጠይቁ... መጀመሪያ ያሉን እሱን ነው። ከሁሉ በፊት። እኔ ባሏን ፊቷ አስቀምጬ...» እንዲህ ያረጀችው መቼ ነው?

አባባ አልተቀበሉም። «እኔ ቤት ታርቀዋል። ቃል ገብቷል።»

«አባባ፣ የዋሸችው እርስዎን አክብራ ነው» አልኳቸው። «እርስዎ ፊት እውነቱን መናገር ነውር መስሏት።»

መነጽራቸውን አወለቁ። ጠረጉት። መልሰው አላደረጉትም።

እማዬ ሚልካን «ወፍጮ ቤት አብረሽኝ ሂጂ» ብላ ወሰደቻት። ሚልካ በር ላይ ዞር ብላ አየችኝ። አንዴ። ያንን አስተያየት መጻፍ አልፈልግም።

እማዬ ሲመሽ ብቻዋን ተመለሰች። ከነዱቄቱ። «ቆቃ አይሆንም፣ መጀመሪያ የሚፈልጋት እዚያ ነው» ብቻ አለች። የት እንዳስቀመጠቻት ለእኔ አልነገረችኝም። ምክንያቱ ይገባኛል።

የካቲት 19

ባጫን ጣቢያ ጠሩት፣ ቃሉን ተቀበሉት፣ በዋስ ወጣ። አሁን አይሱዙውን በራችን ፊት ለፊት አቁሞ ውስጡ ይቀመጣል። ከትምህርት ቤት ስመጣ ወረደ።

«ልዩዬ። የት ናት አላልኩሽም። ደህና መሆኗን ብቻ ንገሪኝ።»

ዓይኑ ቀልቷል። ለስላሳ ድምፅ። አሳዘነኝ። የሚያናድደኝ ይሄ ነው... አሳዘነኝ። አፌን ልከፍት ስል የግቢው በር ተከፈተ። አባባ፣ በከዘራ።

«እኔ ነኝ ያስወጣኋት። የምትጠይቀው ካለህ እኔን ጠይቅ።»

ነጭ ውሸት። ባጫ እጃቸውን ሊስም ጎንበስ አለ። እጃቸውን ወደ ኋላ ሰበሰቡ። እጃቸውን ሲሳሙ የሚውሉ ሰውዬ።

ከገባን በኋላ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። አንድ ነገር ልል ነበር፣ ስለ ማስረሻ መጋረጃ... ተውኩት። አብሬያቸው ተቀመጥኩ። ነፋሱ አቧራውን እያመጣ ያራግፍብናል። ለመነሳት ሁለታችንም ሰነፍን።

መጋቢት 2

እማዬ አሁን የመጣችውን ሴት ሁሉ ለብቻ ነው የምታናግረው። ባዶ ክፍል ስለሌለ ከጣቢያው ጀርባ፣ ቧንቧው አጠገብ። አለቃዋ «ሥራ ትተሽ ሽርሽር ጀመርሽ?» አሏት አሉ። ጫማዋ በጭቃ፣ ፊቷ በፀሐይ። ዛሬ አራት ሴት። «ባለፈው ዓመት የለም ያሉኝን ሁሉ አስባለሁ» አለችኝ። ሻይ አፈላሁላት። በጣም ቀጠነ። ጠጣችው።

መጋቢት 6

ከሰዓት በማላውቀው ቁጥር ተደወለ። ሚልካ።

«ባጫ በእህቴ በኩል ሰው ላከብኝ። ሽማግሌዎች፣ ከዓለም ጤና። ታሟል፣ አይበላም አሉኝ። ቅዳሜ ከተማ ወጥቼ ላገኘው ነው። እዚህ ሰለቸኝ፣ ልዩ። ቀኑ አይመሽም።»

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን። ለእናትሽ እንዳትነግሪ።»

ቀልድ ፈለግኩ፣ አንድ እንኳን አልመጣልኝም። «እነግራታለሁ» አልኳት። «ዛሬውኑ።»

ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አልጮኸችም። ስልኩንም አልዘጋችውም። ትንፋሿ ይሰማኛል፣ ከጀርባዋ የሕፃን ለቅሶ፣ የውኃ ድምፅ... ከዚያ «እሺ» አለች፣ ቀስ ብላ፣ ዘጋችው።

እያሰብኩ ነው። ፀጉር ቤት ስንት ጓደኛ አላት። ምስጢር የሚይዙ። ያንን ሁሉ ሰው ትታ፣ አንዴ ያጋለጥኳትን እኔን ለምን መረጠች?

እንድነግርባት ነዋ።

የግቢው በር ተከፈተ። የእማዬ እርምጃ ነው፣ እየጎተተች። እግሯን ውኃ ውስጥ ሳትነክር ልንገራት ወይስ ትንሽ ትረፍ? ቅዳሜ እኮ ከነገ ወዲያ... ይሄን እየጻፍኩ በሩ ላይ ቆማለች። ኮፍያዋን እንኳን አላወለቀችም። ደብተሩን አየችው፣ ፊቴን አየችው።

«ልዩ።»