ያለ ቦታው ያጨበጨብኩት ጭብጨባ

ማክሰኞ ጠዋት፣ የካቲት 9 ቀን
ከወርክሾፑ፣ ከመስኮቱ ሥር

ለዓይኔ ብርሃን፣ ለልጄ፤

እንዴት ነሽ? ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? እኛ ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሬዲዮው ቀድሞ ይናገራል። እኔም ያው እንደምታውቂኝ ነኝ፤ ሙጫና መላጊያ ይዤ ጎንበስ እንዳልኩ አለሁ። ግን "እንደምታውቂኝ ነኝ" ያልኩት ውሸት ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም እሱን ለማስተካከል ነው። በስልክ ለምን እንደማላናግርሽ በጠየቅሽ ቁጥር እናትሽ "እጁ ሙጫ ነው" ስትልሽ ይኸው ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ሁለት ዓመት የማይለቅ ሙጫ ቢኖረኝ ኖሮ ሀብታም ነበርኩ።

ነገሩን ከመጀመሪያው ላምጣው። እዚያ ያለው ኦርኬስትራ ለዘለቄታው ልቅጠርሽ ሲልሽ፣ እዚህ አብረውሽ ይጫወቱ የነበሩት አራቱ ጓደኞችሽ ደግሞ ወንበርሽን ሲጠብቁልሽ ከረሙ። በእሁዱ ኮንሰርት በወንበርሽ ተማሪሽ፣ ያቺ ቀጭኗ፣ እንደምትቀመጥ ስትሰሚ እንዲህ ብለሽ ጻፍሽልኝ፤ "አባዬ፣ ሄደህ ስማልኝ። እሷ ከበቃች እዚሁ እፈርማለሁ፤ የጎደለ ነገር ካለ እመለሳለሁ። ካንተ ጆሮ ሌላ የማምነው የለኝም።"

ሄድኩ። ግራጫውን ሱፍ ለብሼ፣ ጢሜን ተላጭቼ፣ ከእናትሽ ጋር አራተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ። ሙዚቃው ያው የምትወጂው ነው፤ ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላ፣ ሁለት ቼሎ፣ ከቼሎዎቹም አንዱ ያንቺ የነበረው። ሰውየው ከመቶ ዓመት በፊት በስተርጅናው የጻፈው፣ እንግዳ ደጅ ላይ ቆሞ ሲሰናበት ወሬ እንደሚያመጣው፣ አበቃ ሲሉት እንደገና የሚጀምረው።

ሰውን ብታይው። ፋርማሲስቷን ታውቂያታለሽ፤ ለሁላችንም የሳል ሽሮፕ እየሸጠች ራሷ የምትስለው። መሐረቧን አፏ ላይ አድርጋ ጀመረች፤ ትንሽ ቆይቶ መሐረቡ ጭኗ ላይ ተረሳ፣ ትከሻዋም አንዴ እንኳ አልተነቃነቀም። ጡረታ የወጣው የሂሳብ መምህር እንደ ልማዱ ኖታውን ዘርግቶ ስህተት ሊያድን ተቀምጦ ነበር። ሁለተኛው ክፍል ላይ ገጽ መግለጡን ተወ። ከፊታችን የተቀመጡት ባልና ሚስት ተኳርፈው ነው የመጡት፤ በመካከላቸው ባዶ ወንበር ትተው ኮቷን አስቀምጠውበታል። ኮቱ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወደቀ፣ ሁለቱም አላነሱትም። በኋላ ሳይ እሱ ባዶው ወንበር ላይ ሆኗል፤ መቼ እንደተዛወረ አላየሁም።

ሙዚቃ እንዲሰማ ተልኮ ሰው ሲያይ የሚውል ምን ዓይነት አባት ነው ትይኝ ይሆናል። ልጄ፣ እኔ አልሰማም። ቀኙ ጆሮዬ አንቺ ሳትሄጂ ነው መድከም የጀመረው፤ ግራው ደግሞ በሄድሽ በመንፈቁ ተከተለው። መጀመሪያ የቫዮሊኑ ቀጭን ድምፅ፣ ከዚያ የእናትሽ፣ በመጨረሻ የቼሎው ወፍራም ክር። ሐኪሙ የነርቭ ነው፣ አይመለስም ብሎኛል። ከተማው ግን እስካሁን "ጋሼ ጆሮ" ነው የሚለኝ። ቫዮሊን ሲያመጡልኝ አገጬን እንጨቱ ላይ አሳርፌ በንዝረቱ አስተካክላለሁ፤ ደንበኞቼ ይህን ሲያዩ ትልቅ ጥበብ መስሏቸው ትንፋሻቸውን ይይዛሉ።

እናትሽና እኔ ደግሞ አንድ ዘዴ አለን። ሰው መሃል ስንቀመጥ እጇን እጄ ላይ ታሳርፋለች። አንዴ ስትጫነኝ ሰው እያናገረኝ ነው። ሁለቴ ስትጫነኝ ፈገግ በል ማለት ነው። እጇን ስታነሳ አበቃ፣ አጨብጭብ ማለት ነው። በዚህ ዘዴ ሁለት ሠርግና አንድ የምረቃ በዓል በሰላም ተወጥተናል።

የዝግታው ክፍል መሃል ላይ ያቺን ቦታ ታውቂያታለሽ፣ አምስቱም ዝም የሚሉባትን። ደጋኖቹ አየር ላይ ቆሙ። የእናትሽ እጅ ተነሳ። እኔም አጨበጨብኩ። በሁለት እጄ፣ ከልቤ፣ ብቻዬን። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሙዚቃ መሃል የሚያጨበጭብን ሰው በዓይኔ ስገርፍ የኖርኩት እኔ። አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ወደ እናትሽ ስዞር ዓይኗን እየጠረገች ነው። ለካ እጇን ያነሳችው ለእንባዋ ኖሯል። የምታየው ደግሞ ቀጭኗን አልነበረም፤ የተቀመጠችበትን ወንበር ነበር።

የከፋው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ሰው ሁሉ ስሜቴን መቆጣጠር አቅቶኝ መሰለው። ሲያልቅ ቀጭኗ እጄን ይዛ አለቀሰች። የቡድናችሁ መሪም አቅፎኝ የሆነ ነገር አለኝ፤ እናትሽ ሁለቴ ተጫነችኝ፣ እኔም ፈገግ አልኩ። ያለኝን ቤት ስንገባ ጻፈችልኝ፤ "ጋሼ፣ እርስዎን እንዲህ ያስረሳ ሙዚቃ ከሆነ ከእንግዲህ ምን እንፈልጋለን" ነበር ያለው። ያንኑ ላንቺም ጽፎልሻል። ትናንት ለእናትሽ የላክሽው መልእክት፣ "አባዬ ካጨበጨበላት በቃ፣ በወሩ መጨረሻ እፈርማለሁ" ይላል።

ስልኩን ይዤ ተቀመጥኩ። ዝም ብል ስሜም ሥራዬም እንዳሉ ይቀጥላሉ፤ አንቺ ግን በደንቆሮ ጭብጨባ ኑሮሽን ልትወስኚ ነው። ብናገር ደግሞ አዝነሽልኝ ሻንጣሽን ትሸክፊያለሽ ብዬ ፈራሁ። እናትሽ ሐሳቤ ገባት። እርሳሴን ከኪሴ አውጥታ ጣውላ ቁራጭ ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፤ "እውነቱን ንገራት። ምን እንደምታደርግበት እሷ ታውቃለች።" ጣውላው ይኸው ከፊቴ ነው። ለዚህ ነው ነገ ወዳንቺ አገር ለሚበረው ለጥርስ ሐኪሙ ደብዳቤውን የምሰጠው፤ ከፊርማሽ በፊት ይደርስሻል። ለቀጭኗም እነግራታለሁ፣ አንቺ ግን መቅደም ነበረብሽ።

የጠየቅሽኝን ባልሰማም የማውቀውን ልንገርሽ። ከዚያ ቅሌት በኋላ አንገቴን ደፍቼ ቀኝ ጫማዬን አወለቅኩ። ወለሉ እንጨት ነው፤ ለእሷ የተውሽላት ቼሎ ደግሞ እኔ የሠራሁት ነው፣ ብረት እግሩም እዚያው ወለል ላይ ቆሟል። ክሩ በጣት የሚቆነጠርበት ቦታ ሲደርስ ተረከዜ ላይ መጣልኝ። ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ እያንዳንዷን በሰዓቷ ነው የምታስቀምጣት። አንቺ እዚያች ቦታ ላይ የፀጉር ያህል ትዘገያለሽ። ተረከዜ ያንን መዘግየት ጠበቀ፣ አልመጣም። ይህ ጉድለት ነው አልልሽም፤ የሂሳብ መምህሩን ብትጠይቂው የእሷ ይሻላል ይልሻል። እኔ ናፍቀሽኛል እንጂ ፍርድ የለኝም።

ስለዚህ ጆሮዬን ተይው። ቦታው የሚስማማሽ ከሆነ ፈርሚ፣ ደስ ይለኛል። እኔን ለማስታመም ግን እንዳትመጪ፣ ከእናትሽ ጋር ተግባብተን እንኖራለን። ብቻ ለእረፍትም ይሁን ለሁልጊዜው ስትመጪ አንድ ነገር አድርጊልኝ። ትንሽ ሳለሽ ቼሎ ስሞክር አጭሯ በርጩማ ላይ ቁጭ ብለሽ ጀርባሽን ጎኑ ላይ ትለጥፊና "አባዬ፣ ይኮረኩራል" ትይኝ ነበር። በርጩማዋ አለች፤ እግሯን ባለፈው ሳምንት ጠግኜላታለሁ። አንቺ ትጫወቻለሽ፣ እኔ እዚያች ላይ እቀመጣለሁ። አሁን ተራው የኔ ነው።

ጣቶችሽ አይዛሉ፤ በሄድሽበት ሁሉ ሰው አይጉደልብሽ። ወጥተሽ በሰላም ግቢ።

ብቻውንም ቢሆን የሚያጨበጭብልሽ፣
አባትሽ

እናትሽ ይህን አንብባ "ያለቀሰችው ጉንፋን ይዟት ነው ብለህ ጻፍ" ብላኛለች። ይኸው ጽፌአለሁ።