ጋሼ አኒስ፣ ሽጉጡ በራሱ አልባረቀም

ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ ለጋሼ አኒስ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላህ። እንዴት ከርመሃል? ባለቤትህ ሸምሲያና ልጆቹስ? ብርድ ሲገባ የሚጠዘጥዝህ እጅህ ዘንድሮ እንዴት አደረገህ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ባለቤቴ ኢብሮ እዚያው አውሮፕላን ፋብሪካ ነው። ልጃችን አስማእ አሥራ አራት ዓመቷን ያዘች፤ ያኔ አንተ የነበርክበት ዕድሜ።

ይህን ነገር ልነግርህ ስንት ጊዜ ደውዬ ስለ ዝናብ አውርቼ ዘጋሁት። አሁን ጎረቤቴ ወይንሸት ወደ አገር ቤት ስለምትመጣ ጽፌ በእጇ ላክሁልህ።

በመስከረም ኖርዝጌት ሰፈር ያለው ሱቄ ውስጥ አንድ ሰው በጠራራ ፀሐይ ቢላ አወጣብኝ። የጠየቀኝን ሰጠሁትና ሄደ፤ አልነካኝም። እንዳትጨነቅ ብዬ አልነገርኩህም። ኢብሮ ግን «ሽጉጥ እንገዛለን፤ መጀመሪያ ትማሪያለሽ» ብሎ ኤቨረት ከተማ ራስን በሽጉጥ የመከላከል ክላስ አስመዘገበኝ። እምቢ አልኩ። ለምን ብሎ ሲይዘኝ ግን እውነቱን ከመናገር ብዬ እሺ አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት አድርሶኝ ውጭ ጠበቀኝ። አስተማሪያችን ጁዲ የምትባል ሽበታም ሴት ናት። የጆሮ መከላከያው በሻሼ ላይ አልይዝ ሲለኝ እሷው አስተካከለችልኝ። «ከዚህ በፊት ሽጉጥ የነካ አለ?» ስትል እጄን አላወጣሁም። ከዚያ ጣቷን ከቃታው ውጭ ዘርግታ አሳየችንና «በራሱ ባረቀ ሲሏችሁ ቶሎ አትመኑ። ብዙውን ጊዜ ቃታው ላይ የሰው ጣት ነበረ» አለች።

ጋሼ፣ ጣቱ የእኔ ነበር።

የአባባን ሽጉጥ ከሣጥን ያወጣሁት እኔ መሆኔን ታውቃለህ። ሁለት ጣቶችህ ሲሄዱ እያለቀስኩ «ስትጎትተው ባረቀ» አልኩህ፣ አንተም አመንከኝ። ውሸት ነው። ልትቀማኝ አፈሙዙን ያዝክ እንጂ ገና አልጎተትከውም ነበር። ላስደነግጥህ ብዬ ቃታውን ሳብኩት። ባዶ መስሎኝ ነበር፣ ወላሂ።

አንተ ግን ለአባባ «ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ናፊሳ ቤት ውስጥም አልነበረችም» አልካቸው። እሳቸውም ከትምህርት ቤት አውጥተው ሻሸመኔ አጎታችን መጋዘን ሰደዱህ። ከክፍሉ አንደኛ የሚወጣው ልጅ ጆንያ ሲሸከም እኔ በደብተሮችህ አጥንቼ እዚህ ደረስኩ። እማዬም እውነቱን ሳታውቅ ሞተች።

ተራዬ ሲደርስ አምስት ጥይት ተኮስኩ። አምስቱም ወረቀቱ ላይ የተሳለው ሰው ደረት ላይ አረፉ። ጁዲ ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ «ቬሪ ጉድ!» ስትለኝ ሽጉጡን አስቀምጬ ወጣሁና መኪናው ውስጥ ለኢብሮ ሁሉንም ነገርኩት። ስንጋባ እጅህን ማሽን ቆረጠው ብዬው ነበር፤ እሱ ግን «እኔን ተይኝ፤ አባትሽ ማወቅ አለባቸው» አለኝ። ሽጉጡም ሳይገዛ ቀረ።

እሑድ ለአባባ ደወልኩላቸው። ነግሬያቸው ስጨርስ «ያን ልጅ እጁ በጨርቅ እንደተጠቀለለ ነበር የገረፍኩት» አሉ። ከዚያ ስልኩን ዘጉት። ትናንት ግን ወደ አንተ ወደ ቡታጅራ የሚያመጣቸው መኪና እየጠየቁ እንደሆነ ሰማሁ። ምናልባት ከዚህ ወረቀት ይቀድሙ ይሆናል። በእኔ ብትቆጣም እሳቸውን ደጅ አታቁምብኝ። እሳቸው የተታለሉ ሰው ናቸው።

ለእኔ ባትጽፍልኝም ይገባኛል። ለአንድ ዓመት ስልኬን ባታነሣም አልቀየምህም። ብቻ እጄን የጎዳሁት እኔው ነኝ እያልክ ራስህን ስትወቅስ እንዳትኖር ብዬ ነው።

ሸምሲያን በጣም ሳምልኝ። አዲስአለም የሚባለውን ያን ደግ ጎረቤትህን ሰላም በልልኝ። ልጆችህን ሮቢንና ታናናሾቿን ጉንጫቸውን ሳምልኝ። አባዬ እጅህን ምን ሆነህ ነው ብለው ሲጠይቁህ እስከ ዛሬ የምትነግራቸውን ተወውና አክስታችሁ ናፊሳ ናት በላቸው። ከእንግዲህ አትሸፍንልኝ።

እህትህ ናፊሳ
ሲያትል፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.