ሐዘናችንን ላራዘሙልን ክቡር ፕሮፌሰር

ለክቡር ፕሮፌሰር ሃርግሬቭ
የዩኒቨርሲቲና የማኅበረሰብ ዘላቂ ልማት አጋርነት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ እርስዎም ቤተሰብዎም፣ እነዚያ ዓሣ ሲቆጥሩ ፀሐይ የላጣቸው ተማሪዎችዎም እንደምን ከርማችኋል? እኛ በፊጂ የናቩኒሌቩ መንደር ሰዎች ደኅና ነን። ከዓሣ በቀር የጎደለብን የለም፤ እሱንም ቢሆን በባሕር ዳር ተቀምጠን በቆርቆሮ የታሸገውን ከሱቅ እንገዛለን።

አለቃችን ራቱ ኮሊኒዮ ባረፉ ጊዜ፣ በወጋችን መሠረት፣ ማጥመጃ ባሕራችንን ዘጋን። የሚከፈተው ለሐዘን ማብቂያ ድግስ ነው፤ ያን ዕለት ባለቤታቸው አዲ ቫራኒሴሴ ጥቁር ልብሳቸውን ያወልቃሉ። እርስዎም የዓሣ ነባሪ ጥርስ በሁለት እጅዎ ይዘው፣ ምንጣፋችን ላይ እግርዎን አጣጥፈው፣ ጥናትዎ እስኪያልቅ ብቻ ባሕሩን ሳንከፍት እንድንታገስዎ ለመኑን። እኛ ዘንድ ያንን ጥርስ የተቀበለ እምቢ አይልም፤ የሰጠም ቃሉን አያጥፍም። ሰው ማመን ቀብሮ ነው ይባላል፤ እኛ ግን አለቃችንን ቀብረን እርስዎን አመንን።

ስለዚህ ምስጋናችን እንደሚከተለው ነው።

፩. ጥናቱ ሲያልቅ ሳይጠይቁን «ሁለተኛ ምዕራፍ» ስለጨመሩበት እናመሰግናለን።

፪. «የምርምር ክልል፤ ማጥመድ ክልክል ነው» የሚለውን ሰሌዳ በቋንቋችን ጭምር ስላጻፉልን እናመሰግናለን። የማን ባሕር እንደሆነ ተምታቶብን ነበር።

፫. ለድግሱ አንድ ቀን ይከፈትልን ብንል፣ ጉዳያችንን ወደ ኮሚቴ ስለመሩልን እናመሰግናለን። አዲ ቫራኒሴሴ ይህን ሲሰሙ «ባሌን የቀበርኩት እኔ! ኮሚቴው ማንን ቀብሮ ነው በሐዘኔ የሚያዝብኝ?» አሉ። እርስዎ የተማሩ ነዎትና መልሱን ቢነግሩልን።

እውነቱን ልንገርዎ፣ ክቡርነትዎ፤ ሰሌዳውስ ይነቀላል። የቆጨን፣ እንደ ልጃችን አቅፈን ተቀብለንዎት መክዳትዎ ነው። አሮጊቷ በዚህ ሙቀት ጥቁር ለብሰው፣ የእርስዎን ምዕራፍ ማለቅ ሲጠብቁ ማየት አንጀት ይበላል።

በአጋርነቱ ጀልባ ላይ መቅዘፊያ እንጂ መቀመጫ ያልደረሰው ታዛዥዎ፣
ሳኪዩሳ ቱኢላው፣
የሟቹ አለቃ ቃል አቀባይ፣ ያንን ጥርስ ከእጅዎ የተቀበልኩት

ማሳሰቢያ፦ ቅዳሜ ጠዋት መረባችንን እንጥላለን፤ አዲ ቫራኒሴሴም ጥቁሩን ያወልቃሉ። ስለዚህ በድረ ገጽዎ ላይ «የባሕሩ ጠባቂ» ብለው የለጠፉትን ፎቶግራፋቸውን ያውርዱልን። ጥቁሩን ለእርስዎ ፕሮጀክት የለበሱት መስሎዎት ከሆነ፣ ባል ሞቶባቸው ነው።