ኖቬምበር ላይ የሰረዝኳቸው

ማክሰኞ፣ ጁን 3
ዝናብ። አራተኛ ክፍል ጣሪያው ያፈሳል፤ ባልዲ አስቀመጥን። ተቆጣጣሪው ዶን አንሴልሞ የሠላሳ ዓመት ሰንጠረዥ ይፈልጋል… ስንት ልጅ አንደኛ ክፍል ገባ፣ ከነዚያ ስንቱ ስድስተኛን ጨረሰ። የየመንደሩ ተደምሮ የአገር ቁጥር ይሆናል አለ። ደስ አለኝ። ቁጥር አይነጫነጭም፣ እርሳስ ጠፋብኝ ብሎ አያለቅስም።

ዓርብ፣ ጁን 6
መዝገቦቹን አወጣሁ። የ1998ቱን ጠርዝ አይጥ በልታዋለች።
በ1995 ከገቡት 28 ልጆች የጨረሱት 8። በ2001 ከገቡት 34 የጨረሱት 21። በ2007 ከገቡት 33 የጨረሱት 27። እሰየው! ከዚያ በ2012 ከገቡት 35 የጨረሱት 20… ከዚያ ወዲህም ፈቀቅ አላለም።
እዚህ የመጣሁት በ2014 ነው። እንግዲህ?
ምክንያት አላጣሁም። ቤተሰቡ በየዓመቱ ወደ ሰሜን ቲማቲም ለቀማ ይሄዳል፣ ልጅም ይከተላል። ግን እኔ ሳልመጣም ይሄዱ ነበር…

ረቡዕ፣ ጁን 11
የስድስተኛ ክፍል ተማሪዬ የሴናይዳ አባት ዶን ኤርሜሊንዶ መጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው በሩ ላይ ቆሙ። የስድስተኛ ክፍል ምርቃት መቼ እንደሆነ ሊጠይቁ ነው። የምርቃት እናቷ፣ ለዕለቱ የተመረጠችላት እንደ ክርስትና እናት ያለች ሴት፣ ለቀሚስ የሚሆን ጨርቅ ገዝታለች።
ሴናይዳን ኖቬምበር ላይ ሰርዣታለሁ። ከሙታን ቀን ማግሥት፣ አበባው ከመቃብሩ ላይ ሳይጠወልግ፣ ቤተሰቧ ወደ ሰሜን ተሳፈረ። ሦስት ሳምንት ጠብቄ «አቋረጠች» ብዬ ጻፍኩ። ሁሌም እንደማደርገው። ሜይ ላይ ተመልሳ መጣች፣ ተቀመጪ አልኳት። እሷ ተቀመጠች እንጂ ስሟ አልተመለሰም።
ነገርኳቸው። 
«መምህርት፣ ልጄ እዚያ በለቃሚዎቹ ካምፕ ትምህርት ቤት አንድ ቀን አልቀረችም። የሚለቅም እጅ ሲያጥረን እንኳ አላስቀረኋትም።»
ያለ ምስክር ወረቀት ሁለተኛ ደረጃ እንደማይቀበላት ያውቃሉ። «እንግዲያው ከእኛ ጋር ትለቅማለቻ» ብለው ሄዱ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ፣ ጁን 12
ሴናይዳ የካምፑን ደብተር አመጣች። የመጨረሻው ገጽ ላይ የመምህሯ ስልክ አለ፤ ግሪሴልዳ ትባላለች። ስደውል ሦስቴ ተቆራረጠ፣ በአራተኛው ገባ።
ውጤቷ እስከ ኤፕሪል ድረስ ሙሉ ነው። ታዲያ ውጤቱ የት ገባ? አልኳት። ግሪሴልዳ ሳቀች። «እናንተ ሰርዛችሁ ትልኳላችሁ፣ እኛ አዲስ ብለን እንመዘግባለን። ወደናንተ ስትመለስ ደግሞ እኛ እንሰርዛለን።»
ስልኩን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። አንዲት ልጅ ስትመዘገብ ሁለት ናት፤ ስትጨርስ የለችም። ምዝገባው አደገ ብለን ስናጨበጭብ የከረምነው…

ቅዳሜ፣ ጁን 14
ከእኔ በፊት የነበሩትን መምህር፣ የዶን ፊደንሲዮን መዝገብ ደግሜ አየሁ። እሳቸው አይሰርዙም። ስሙ አጠገብ በእርሳስ «ሰሜን» ብለው ይጽፋሉ፤ ልጁ ሲመለስ የካምፑን ውጤት ያስገባሉ። እንደመጣሁ አይቼው ዝርክርክ ሽማግሌ ብያቸው ነበር። የእኔ መዝገብ ንጹሕ ነዋ! አፈርኩ። በጣም አፈርኩ።

ሰኞ፣ ጁን 16
ወረዳ ሄድኩ። ዶን አንሴልሞ ሰንጠረዡን ወደደው። ስለ ሴናይዳ ስነግረው መነጽሩን አወለቀ።
«የተዘጋ መዝገብ ከተከፈተ ጥያቄ ይከተላል። የዝውውር ማመልከቻሽ ደግሞ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ነው። አንዲት ልጅ መቶኛውን በስንት ትለውጠዋለች?»
መልሱ የመጣልኝ አውቶቡስ ላይ ነው፣ እንደ ልማዴ። አንድ ብቻ ብትሆንማ…
ዝውውሩን አራት ዓመት ጠብቄዋለሁ። እናቴ ከተማ ብቻዋን ናት።

ረቡዕ፣ ጁን 18
ደብዳቤውን ጻፍኩ። «ተማሪዋ አላቋረጠችም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።» የካምፑን ውጤት አያያዝኩ። ሦስቴ ቀደድኩ፣ አራተኛውን ላክሁ። ለእናቴ ገና አልነገርኳትም።

ረቡዕ፣ ጁላይ 9
የሴናይዳ ምስክር ወረቀት መጣ፤ ፎቶዋ ላይ ማኅተም አርፎበታል። ቀሚሱ ትንሽ ሰፍቷታል። የምርቃት እናቷ አለቀሰች። ዶን ኤርሜሊንዶ የቱርክ ዶሮ አርደው ሞሌ የሚባለው የበርበሬ ወጥ ተሠራ፤ እስኪያልበኝ በላሁ።
ዝውውሩ አልተፈቀደም። እናቴ ሁለት ቀን ስልክ አላነሳችም።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 4
ወደ ሰሜን የሚሄደው መኪና ዛሬ ተነሣ። ሰባት ቤተሰብ። ሴናይዳ አያቷ ዘንድ ቀርታለች፣ ሁለተኛ ደረጃ ጀምራለች። የሚሄዱትን ልጆች ስም አልነካሁም፤ እስከ ዛሬ ያለውን ውጤታቸውን ጽፌ ለየእናቶቻቸው ሰጠሁ። ጉያቸው ውስጥ ወሸቁት።
የሴናይዳ ታላቅ ወንድም ኤቬሊዮ ጆንያ ሲጭን ቆይቶ ወደ እኔ መጣ። ሃያ ዓመቱ ነው።
«መምህርት፣ እኔንም ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ሰርዘውኛል። እዚያ እስከ ኤፕሪል ተማርኩ፣ ከዚያ እዚህ እስከ መጨረሻው ተቀመጥኩ። የሴናይዳን ሳይ… የእኔስ ጊዜው አልፎበት ይሆን?»
ሁለት ወር ክፍሌ ውስጥ የተቀመጠ ልጅ። አላስታወስኩትም።
«አላለፈበትም» አልኩት። ሾፌሩ ጡሩምባ ነፋ፣ ዘሎ መኪናው ላይ ወጣ።
እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም። ገብቼ የ2018ን መዝገብ ገለጥኩ። ኤቬሊዮ፣ አቋረጠ። ጽሕፈቱ የእኔ ነው፣ ቀጥ ያለ፣ ያማረ። በየዓመቱ ኖቬምበር ላይ የሰረዝኳቸውን ቆጠርኩ፤ አርባ አንድ። የካምፕ ውጤታቸውን እንድትፈልግልኝ፣ ከእሱ ጀምሬ፣ ለግሪሴልዳ ደወልኩ።